ወናፍ ለአሮጊቷ ፒክአፕ

ባምባሲ፤ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ዲሳሳ ገቢሳ፤ ሻርጃ

እንደ አያቴ እንደ አካኮ ገቢሳ ጸሎት የረዘመ፣ ግን እንደሱ እንቅልፍ የማያመጣ ሰላምታ ይድረስዎ። እኛ ደህና ነን። ላሟ ደህና ናት። እናትዎን አኮ ብሪቱን ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው ደህና ነው።

ስልክ ትቼ ደብዳቤ መጻፌ አይግረምዎት። እርስዎ ሲደውሉ አካኮ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍተው፣ ደጃፍ ወጥተው፣ መንደሩን ሰብስበው ነው የሚያወሩት፤ «ልጄ ኢንጂነሩ ነው» እያሉ። (የላኩት ፎቶ ላይ ከኋላዎ እንደ ቅርጫ በሬ የተገነጣጠለ መኪና ይታያል። ኢንጂነር ይሁኑ ሉካንዳ ቤት ይክፈቱ እኔ ምን አውቄ። አፌን ዘግቻለሁ።) ስለዚህ ምስጢሬን በወረቀት እጽፍና፣ ፎቶ አነሣና፣ ኔትወርክ የመጣ ቀን እልከዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርስዎ ጉባ ሾፌር ሆነው ሲሠሩ የገዟት ሰማያዊ ፒክአፕ ልትሸጥ ነው። አካኮ «ክረምት ሳይገባ» ብለዋል። የሚገዛት ነጋዴ ሊነዳት አይደለም፤ ገነጣጥሎ ለብረት ነው። ክሷ ሁለት ነው። አንደኛ ቤንዚን የለም፤ ለሰልፍ የወጣ ሰው ጢም አብቅሎ ነው የሚመለሰው። ሁለተኛ፣ ጭነት ከያዘች የቀርከሃውን ዳገት አትወጣም። ያውቁታል፤ ከማንጎው መንደር ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው። አምና ግማሽ ላይ ስትቆም አካኮ ወርደው ጸለዩላት። ወደ ኋላ ተንሸራተተች።

እኔም፣ «አካኮ፣ ያለ ቤንዚን፣ ሙሉ ማንጎ ጭና ዳገቱን ብትወጣስ?» አልኳቸው።

«ያለ ቤንዚን?»

«ያለ ቤንዚን።»

«እንዲያ ከሆነማ አትሸጥም! እኔው ራሴ መሪ ይዤ አወጣታለሁ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። በደርግ ጊዜ ከመንግሥት እርሻ ትራክተር ከወረዱ ወዲህ መሪ ነክተው አያውቁም። ቢሆንም ቃል ቃል ነው፤ አኮ ብሪቱ ምስክር ናቸው።

ገንዘብ አልጠይቅዎትም። (አሁን በረጅሙ ሲተነፍሱ ተሰማኝ።) የምጠይቀው ተርቦ ነው። ሞተሩ በሚተፋው ጭስ እየዞረ መልሶ አየር የሚያጎርሰው፣ ያ ቀንድ አውጣ የሚመስል ብረት። አካኮን ሳስረዳቸው «ወናፍ ነዋ!» አሉኝ፤ ልክ ናቸው፣ ወናፍ ነው። እዚያ የመኪና ሬሳ ክምር ውስጥ አንድ አይጠፋም። ነዳጁን ለእኔ ይተዉት።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ
ቃናኒ

*

ሻርጃ፤ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ ለቃናኒ

እዚህ አሸዋው ራሱ ያልበዋል፤ ሰላምታዬ በመንገድ ሳይደርቅ ይድረስሽ። በጌታ ጸጋ ደህና ነኝ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ልጄ፣ ቁም ነገር እናውራ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነሽ። በሚመጣው ዓመት ፈተና አለብሽ። ሴት ልጅ ኮፈን ከፍታ ጭንቅላቷን ሞተር ውስጥ ከምትከት ነርስነት ብታስብ ይሻላል። መኪናዋን በተመለከተ፣ ብረት ብረት ነው፤ ያረጀ ነገር በጊዜው ይሸጣል። አባቴን አታስቸግሪብኝ። በሰው እጅ ጫማና ሽቶ ልኬልሻለሁ።

ደግሞ ተርቦ ዝም ተብሎ የሚገጠም እንዳይመስልሽ። የራሱ የዘይት መስመር ይፈልጋል፤ ያለ ዘይት አንድ ቀን አያድርም። ያ አሮጌ ሞተር በቤንዚን እየሠራ አየር ቢበዛበት ደግሞ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ፒስተኑን ይበሳዋል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ፣ ሲጨመቅ ቶሎ በራሱ የማይቀጣጠል ዓይነት ነዳጅ ቢገኝ ግን… ይህ ለአንቺ አያስፈልግሽም። ትምህርትሽን ተማሪ።

እናቴን ሳሚልኝ። መኪናዋን አሁንም ትወለውላታለች?

አጎትሽ ዲሳሳ

*

ባምባሲ፤ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

የማያስፈልገኝን ነገር ሁሉ በዝርዝር ለሚያስረዱኝ አጎቴ

የላኩትን ሽቶ የሚሸት ሰላምታ ይድረስዎ።

ጫማው ቆንጆ ነው። ሁለቱንም እግሬን አንዱ ውስጥ ከትቼ ለካሁት፤ ትንሽ ቦታ ተረፈ። ዘጠኝ ዓመት ስላላዩኝ በግምት እያሳደጉኝ ነው መሰለኝ፤ ግምትዎ ግን ግመል አድርጎኛል።

ሽቶውን ሥራ ላይ አውዬዋለሁ። ሰሃን ላይ ጠብ አድርጌ ክብሪት ጫርኩበት። ሰማያዊ ነበልባል! ጥላሸት የለው፣ ጭስ የለው። ያ ጀምረው የተውት «ቶሎ በራሱ የማይቀጣጠል» ነዳጅ አልኮል ነው፤ የኬሚስትሪ መምህራችንንም ጠይቄአለሁ። አጎቴ፣ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ መተው ልጅ ያበላሻል።

እና አሁን ያስቡት፤ ግንቦት ላይ በየዛፉ ሥር የሚወድቀውን ማንጎ። ፍየል እንኳ ጠግቦ ዞር ብሎ የማያየው፣ ትምህርት ቤት እስክንደርስ ሽታው ብቻ የሚያሰክረን። ማንጎ ከፈላ አልኮል ነው። ችግሩ የእኔ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የልጅ ልጅ መሆን ነው። አካኮ «አረቄ» የሚለውን ቃል የሚያነሡት ጋኔን በሚያስወጡበት ድምፅ ነው።

ስለዚህ በጓሮ በኩል ጎረቤታችን እትዬ ብዙወርቅ ዘንድ ሄድኩ። ከወሎ በሰፈራ መጥተው አረቄ በማውጣት ልጆች ያሳደጉት።

«እትዬ፣ አረቄ ማውጣት ያስተምሩኝ።»

በሩን አዩት። «ገቢሳ ቢሰማ ሁለታችንንም ዳቡስ ወንዝ ነው የሚያጠምቀን። ደግሞ መልሶ አያወጣንም።»

«ለመኪና ነው።»

«ኧረ! መኪናም ጠጪ ሆነ?» ብለው ጋናቸውን ጎትተው አወጡልኝ።

የእሳቸው ዳግም አረቄ በእሳት ይነድዳል፤ ለሞተር ግን ውሃው ይበዛል። ረጅም የብረት ቧንቧ በድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቄ ጋኑ አፍ ላይ ላቆም ነው። እንፋሎቱ ሽቦው ውስጥ ሲደናቀፍ ውሃው ደክሞት ይመለሳል፤ አልኮሉ ያመልጣል። የሚቀረኝ ማንጎው እስኪበስል መጠበቅ ነው።

አዎን፣ አኮ ብሪቱ በየቅዳሜው መስታወቷን ይወለውላሉ። የሾፌሩን ወንበር ማንም ወደፊት እንዲያስጠጋው አይፈቅዱም፤ «የዲሳሳ እግር ረጅም ነው» ይላሉ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሌላ ሰው ቢሆን «መኪናዬን!» ብሎ ይጮህ ነበር። እርስዎ «ይሸጣል» ብለው ሲጽፉ ብዕርዎ አልተንቀጠቀጠም። ለምን?

ቃናኒ

*

ሻርጃ፤ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቃናኒ

የእናቴ ምርቃት በላይ በላዩ እንደሚወርድ ሰላም ይውረድልሽ።

ላስጥልሽ አልቻልኩም፤ ቢያንስ ቤት እንዳታቃጥዪ ልርዳሽ። የአሶሳው ጨርቅ ነጋዴ ዐብዱልቃድር ለዕቃ መጥቶ አግኝቼዋለሁ። ተርቦውን በሻንጣው ሰጥቼዋለሁ። ከትንሽ የጃፓን መኪና የወጣ ነው፤ ትንሽ መሆኑ ለዳገት ይሻላል፣ ቶሎ ይነቃል። በምሳ ሰዓቴ ሁሉ ክምር ስፈትሽ ባልደረቦቼ «ወርቅ ጠፋብህ?» ሲሉኝ ነበር።

አሁን የምልሽን ስሚ። ጋኑን ከቤት ውጭ፣ ከሳር ክዳን ርቀሽ ጣጂው። እሳቱና የሚንጠባጠበው አልኮል አይተያዩ። ብቻሽን ፈጽሞ አታውጪ፤ ብዙወርቅ አጠገብሽ ትሁን። የድሮውን የጎማ ቱቦ ሁሉ ቀይሪ፤ አልኮል ጎማ ይበላል። የካርቡሬተሩን ነዳጅ ማስገቢያ ቀዳዳ አስፊው፤ አልኮል ሲሆን ሞተሩ ከቤንዚን በግማሽ ያህል አብልጦ ነው የሚጠጣው። ብየዳውን እዩኤል ጋራዥ አሠሪው፤ አንቺ ያለ መነጽር አትጠጊ። ዘይት አትርሺ። ዘይት አትርሺ። ዘይት አትርሺ።

የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ እዚህ ሙቀቱ ጀምሯል። ለመሆኑ አባቴ የሽያጩን ነገር እንዴት አድርጎ ነው የነገራችሁ? ከየት መጣ አለ? ጻፊልኝ።

አጎትሽ ዲሳሳ

*

ባምባሲ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙቀቱ ለጀመረባቸው አጎቴ

ከሽማግሎች ጉባኤ በሕይወት የወጣች ልጅ ሰላምታ ይድረስዎ።

ተርቦው ደርሷል። ዐብዱልቃድር ትከሻውን ይዞ ገባ፤ «ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይሄ ብረት ገደለኝ ወላሂ! ኤርፖርት ሰውዬው ‹ምንድነው?› አለኝ። ‹ወናፍ ነው› አልኩት። ‹አትቀልድ› አለኝ። ‹አጎቱ ላከ፣ ልጅቱ መኪና ይሠራል› አልኩት። ያን ጊዜ ሳቀ ሳቀ፣ ሂድ አለኝ።» እዩኤል ብየዳውን ይዞታል።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልለፍ። የቀደመው ማንጎ በስሎ፣ ፈልቶ፣ በቧንቧዬ ተጣርቶ ወጣ። ፒክአፗ ውስጥ ከማፍሰሴ በፊት ትንሽ ሞተር ላይ መሞከር ነበረብኝ። በሠፈሩ ያለው ትንሽ ሞተር ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ጄኔሬተር ብቻ ነው። ለእሁዱ ቤንዚን ጠፍቶ መዘምራኑ ተጨንቀው ነበር። «እኔ አመጣለሁ» ስል ሁሉም «ጌታ ይባርክሽ» አሉ። ምርቃቱን ተቀበልኩ፣ ቀዳዳውን አሰፋሁ፣ አስነሣሁት። እንደ ድመት አንኮራፋ!

የዕለቱ ሰባኪ አካኮ ነበሩ። ርዕሱ ስካር። ማይኩን ጨብጠው፣ «አረቄ በዚህ ቤት ስሙም ሽታውም አይግባ!» ብለው ጮኹ። ያን ዓረፍተ ነገር እስከ ገበያ ድረስ ያሰማው የአረቄ ጉልበት ነው። ቀጥሎም ከጄኔሬተሩ ጭስ ጋር በመስኮት በኩል ያ ጣፋጭ ሽታ ቀስ ብሎ ገባ። ምእመኑ ጎረቤቱን ማሽተት ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሎቹ ተሰበሰቡ። ጀሪካኔ መሃል ላይ ተቀመጠች። ሰብሳቢው አባባ ጃለታ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና፣ «ይህ አረቄ ነው!» አሉ።

«አባባ ጃለታ፣ በምን አወቁት?» አልኩ።

አባባ ጃለታ ጣሪያውን አዩ። ጀሪካኗ ተራ በተራ ዞረች። እያንዳንዳቸው አሸተቱ፤ አንዳንዶቹማ ለምስክርነት ከሚያስፈልገው በላይ አሸተቱ። «እኔ አላውቀውም።» «እኔም እንጃ።» ያ ሁሉ ሽማግሌ አሽትቶ አንድ ምስክር ጠፋ! በመጨረሻ እትዬ ብዙወርቅ ተጠሩ። ጣታቸውን ነክረው ምላሳቸው ላይ አኖሩና ፊታቸው ተጨማደደ።

«ይህ አረቄ አይደለም» አሉ፤ «የእኔ አረቄ ሰው ያስቃል፤ ይህ ሰው ይቀብራል።»

ወዲያው ለዚሁ ያስቀመጥኩትን አንድ ጣሳ ቤንዚን ገለበጥኩበት። «ከእንግዲህ የሚጠጣ ካለ እሱ ይታገድ።»

አካኮ፣ «ያለ ቤንዚን ብለሽ አልነበረም?»

«አካኮ፣ ጨው ወጥ አይባልም።»

አባባ ጃለታ ተነሥተው ፈረዱ፤ «መኪናዋ ዳገቱን ከወጣች ነዳጅ ነው። ካልወጣች አረቄ ነው። አረቄ ከሆነ ገቢሳ ቤቱን ማስተዳደር አልቻለም፤ ከሽምግልናው ይነሣል።» ስለዚህ አሁን ዳገቱ ላይ ያለችው መኪናዋ ብቻ አይደለችም። አካኮም አሉ።

ቤት ስንገባ አካኮ አልጮኹብኝም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። ተቀምጠው፣ «ወድጄ የምሸጣት መሰለሽ?» አሉኝ። «ሽጥልኝ ያለኝ ባለቤቱ ነው። እናቱ ግን እንዳትሰማ።»

አጎቴ፣ እውነት ነው?

ቃናኒ

*

ባምባሲ፤ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ መልስ ስጠብቅ አለቀብኝ።

ተርቦው ተገጥሟል። የዘይት መስመሩ ተዘርግቷል። አንድ የተረሳ አሮጌ ቱቦ እርስዎ እንዳሉት እንደ ገንፎ ቀልጦ እንደገና ቀየርነው። ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ስሰጠው ተርቦው አፏጨ፤ አካኮ ከጓሮ፣ «ማነው በቤቴ የሚያፏጭ?» ብለው ወጡ።

ዝምታዎ መልስ ከሆነ ሰምቻለሁ። ሆኖም ግንቦት 23 ቅዳሜ ዳገቱን እንወጣለን። ባለቤቷ ባይፈልጋትም እንወጣለን።

ቃናኒ

*

ሻርጃ፤ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቃናኒ

ሰላምታ ከማይገባው ሰው ሰላምታ ይድረስሽ።

እውነት ነው። የምሠራበት ግቢ ባለቤት ድርሻ ግዛ ብሎኛል፤ የመኪናዋ ዋጋ ይሞላልኛል። ግን ይህ ብቻ ቢሆን ለእናቴ በግልጽ እነግራት ነበር። በደወልኩ ቁጥር «መኪናህ ትጠብቅሃለች» ትለኛለች። የምትጠብቀው መኪናዋ እንዳልሆነች አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ ደግሞ የመመለሻዬን ቀን አላውቀውም። መኪናዋ ከደጅ ብትነሣ መጠበቁም አብሮ ይነሣላታል አልኩ።

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። ሰዎች የነዱትን መኪና ቀኑን ሙሉ እገነጥላለሁ። በየወንበሩ ሥር ማበጠሪያ፣ የልጅ ካልሲ አገኛለሁ። የእኔዋንም ሌላ ሰው ይገንጥላት፣ እኔ አላያትም ብዬ ነበር። ከዚያ አንቺ ተርቦ አልሽ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ፣ የት እንደሚገጠም እያወቅሁ የፈታሁት ዕቃ ያ ብቻ ነው።

ሞክሯት። ዘይቱን እይ። ብትወጣም ባትወጣም ግን ለገዢው ቃል ሰጥቻለሁ፤ ትሸጣለች። አትቀየሚኝ።

ዲሳሳ

*

ባምባሲ፤ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢንጂነር ላልሆኑት ለምወድዎ አጎቴ

ከዳገቱ አናት ላይ የቁልቁል ሰላምታ ይድረስዎ!

ሙሉ ማንጎ ጫንን። ሽማግሎቹ «በዓይናችን ካላየን» ስላሉ እነሱንም ማንጎው ላይ ጫንኳቸው፤ ክብደት እፈልግ ነበር። አባባ ጃለታ ባርኔጣቸውን አድርገው ካሶኒው ላይ እንደ ዳኛ ተሰየሙ። አካኮ በቃላቸው መሠረት መሪ ያዙ። አኮ ብሪቱ ግን ወንበሩን ወደፊት አናስጠጋም ብለው እምቢ! የአካኮ እግር ፍሪሲዮን አልደርስ ሲል ከጀርባቸው ትራስ ደገፍንላቸው። እኔ አጠገባቸው፣ መፍቻ በእጄ።

በአንደኛ ማርሽ ጀመርን። አምና የቆመችበት ጋ ስንደርስ ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ። አካኮ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እግራቸውንም ከነዳጁ ላይ አነሡ።

«አካኮ! ጸሎቱ በልብ፣ እግሩ በነዳጁ!»

ዓይናቸውን ገልጠው ረገጡ። ተርቦው ነቃ። መጀመሪያ ቀጭን ፉጨት፣ ቀጥሎ ፍስስ የሚል ነገር፣ ከዚያ አሮጊቷ እንደ ጊደር ዘለለች! ከኋላ ማንጎና ሽማግሌ ተደባለቀ። ግማሹ «ሃሌሉያ!» ይላል፣ ግማሹ «አውርዱን!» የአባባ ጃለታ ባርኔጣ ቁልቁል በረረ።

«ገቢሳ ቁም! ባርኔጣዬ!»

«ዳገት ላይ አልቆምም!» አካኮ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

አናት ላይ ደርሰን ስንቆም ጭሷ የበሰለ ማንጎ ይሸት ነበር። አባባ ጃለታ ከማንጎው ውስጥ ራሳቸውን አወጡ፤ መላጣቸው ላይ ልጣጭ ተለጥፏል። «ነዳጅ ነው» አሉ። ፍርዱ ይኸው ነው።

ነጋዴው አስፋልቱ ዳር ቆሞ አይቶናል። መጥቶ፣ «ለብረት መሆኑ ቀረ፤ እንዳለች እነዳታለሁ፣ ዋጋም እጨምራለሁ» አለ። ዞሬ አካኮን አየሁ። የደብዳቤዎን ቃል ለአካኮ ነግሬያቸዋለሁና።

አካኮ ቁልፉን ነቅለው በጋቢያቸው ጠረጉት። «መኪናዋ የልጄ ናት» አሉት። «ሽጥ ብሏል፤ ቃሉን አላጥፍም። እኛ ዘንድ ግን በሬ ሲሸጥ እንኳ ገመዱን ለገዢ የሚያስረክበው ባለቤቱ ነው። ልጄ ይምጣና ቁልፉን በእጁ ይስጥህ። እስከዚያ ማንጎ ታመላልሳለች።» ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ማታ፣ ሽጡ ያሉት እርስዎ መሆንዎን ለአኮ ብሪቱ እንዴት እንነግራቸዋለን ብለን ስንንሾካሾክ ከጓዳ ወጡ። «ምን ታንሾካሹካላችሁ? እኔ ከጥር ጀምሬ አውቃለሁ። ገቢሳ ስልክ ሲያወራ ድምፁን እስከ ገበያ ከፍቶት አይደል!» አካኮ የሚገቡበት ጠፋቸው። አኮ ብሪቱ ወደ እኔ ዞረው፣ «ለመሸጥም ቢሆን ይምጣ፣ በይው» አሉ።

ጽፌአለሁ።

ቃናኒ

*

ሻርጃ፤ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቃናኒ፣

ሰላምታውን በአፌ እነግርሻለሁ።

ፉጨቱ ደህና ነው። ከፉጨቱ ቀጥሎ ያልሽው ፍስስ ግን ደህና አይደለም። ከተርቦው ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደው ቱቦ አንገቱ ላይ አየር እያመለጠ ነው። ማሰሪያው በደብዳቤ አይጠብቅም፤ በእጅ ነው። እኔ ሳላየው ሌላ ዳገት እንዳታወጧት። አባቴንም ከመሪው አውርጂልኝ።

የቱቦውን ማሰሪያ ይዤ እመጣለሁ። ለጥገና ነው፤ ለእናቴም እንደዚያው ንገሪያት። የጫማ ቁጥርሽን ዛሬውኑ ላኪልኝ።

ትራሱን ከወንበሩ ላይ አንሱት።

ዲሳሳ